መጀመሪያ ቀንሺ፦ ስለ አሮጌ የጨዋታ ኮምፒውተር የተደረገ ምልልስ

ወጣቷ የሶፍትዌር ባለሙያ ናት፤ አጎቷ ዊንዶውስ 98 አዲስ በነበረበት ዘመን ኮምፒውተር ሲጠግኑ የኖሩ ሰው ናቸው። ከአሜሪካ የተላከላትን አሮጌ ፔንቲየም 3 ኮምፒውተር ጠረጴዛ ላይ ዘርግተው፣ እየፈቱና እየገጠሙ ያወሩት ነው ከዚህ በታች የቀረበው። ዓመተ ምሕረቶቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ወጣቷ፦ ጋሼ፣ ያለኝን ሁሉ ሰክቼ አበራሁት። ሁለቱን ቪዲዮ ካርድ፣ ሳውንድ ካርዱን፣ የኔትወርክ ካርዱን፣ ያሉኝን ራሞች በሙሉ፣ ሲዲውን፣ ፍሎፒውን። ፋኑ ይዞራል፤ ስክሪኑ ግን ጭልም ብሏል። ከየት ልጀምር?

አጎት፦ ከመንቀል። ግን እጅሽን ከማስገባትሽ በፊት አንድ ጥያቄ መልሺልኝ፤ ምን ልትጫወቺበት ነው?

ወጣቷ፦ ከ1990 እስከ 2000 የወጡትን ሁሉ።

አጎት፦ የመጀመሪያው ቅነሳ እዚህ ላይ ነው። በእነዚያ ዐሥር ዓመታት የኮምፒውተር ተፈጥሮው ራሱ ተለዋውጧል። የ1990ው ዊንግ ኮማንደር ፍጥነቱን ለፕሮሰሰሩ የተወ ጨዋታ ነው፤ ፈጣን ማሽን ላይ ከጫንሽው መርከቦቹ ዐይን በማይከተለው ፍጥነት ይከንፋሉ። ዱም በ1993 መጨረሻ ሲወጣ ቢያንስ 386 ፕሮሰሰርና 4 ሜጋባይት ራም ይጠይቅ ነበር። የ1996ቱ ኩዌክ በፔንቲየም ውስጥ ያለውን የአስርዮሽ ሂሳብ ክፍል ተማምኖ የተጻፈ ነው። የ1998ቱ አንሪል ሲመጣ ደግሞ ሥዕል የመሥራቱ ሸክም ከፕሮሰሰሩ ወደ ቪዲዮ ካርዱ እየዞረ ነበር። ለአራቱም እኩል የሚመች አንድ ማሽን የለም።

ወጣቷ፦ ታዲያ የትኛውን ልተው?

አጎት፦ ቦርድሽ ራሱ ይነግርሻል። ይህ ማዘርቦርድ በ1998 የወጣው የኢንቴል 440 ቢኤክስ ቺፕሴት ያለበት ነው። ሰው እስካሁን እየፈለገ የሚገዛው ሁለት ዘመን ስለሚያገናኝ ነው። ለዊንዶውስ ጨዋታዎች ቪዲዮ ካርድ የሚሆን የኤጂፒ ስሎት አለው፤ ከታች ደግሞ ያ ረጅሙ ጥቁር የአይሳ ስሎት አለ። አይሳ መነሻው የ1981ዱ አይቢኤም ፒሲ ነው፤ የዶስ ጨዋታዎች ድምፅ የሚፈልጉት በእሱ በኩል ነው። ስለዚህ ይህ ማሽን ከዱም ዘመን እስከ 2000 ድረስ ያሉትን በደንብ ይጫወታል። ከዚያ በፊት ያሉት በማዘግየት የሚሄዱ ይሄዳሉ፤ እምቢ ያሉትን ለሌላ ማሽን ተዪያቸው።

ወጣቷ፦ እሺ፣ ተስማማሁ። አሁን ልንቀል?

አጎት፦ ቆይ፤ ችኩል ጅብ ቀንድ ይነክሳል። ከአሜሪካ የመጣ ነው ብለሻል። ከፓወር ሳፕላዩ ጀርባ ያለችውን ቀይ ማዞሪያ አይተሻታል?

ወጣቷ፦ አይቻታለሁ። 115 ላይ ነበረች፤ ከመሰካቴ በፊት ወደ 230 አዛውሬያታለሁ።

አጎት፦ ጎሽ! እዚያ ቤት መብራቱ 120 ቮልት ነው፤ የኛ 220። ማዞሪያዋ 115 ላይ እንዳለች አገራችን ሶኬት ላይ የተሰካ ፓወር ሳፕላይ ወዲያው ይፈነዳል፤ አንዳንዴም ሌላውን ይዞ ይሄዳል። ቀጥሎ መልቲሜትሩን አምጪና የሚያወጣውን ቮልት እንለካ። ቀዩ ሽቦ 5 ቮልት፣ ቢጫው 12፣ ብርቱካናማው 3.3 መስጠት አለበት። ከዚያ በላይም በታችም 5 በመቶ ብቻ ነው የሚፈቀደው። ቀዩ ከ4.75 በታች ከወረደ ሌላ ምርመራ ከንቱ ድካም ነው።

ወጣቷ፦ ቀዩ 5.02፣ ቢጫው 12.1፣ ብርቱካናማው 3.31። ደኅና ነው። ለነገሩ ይህ ቢያስቸግር አዲስ ፓወር ሳፕላይ መግዛት እችል ነበር።

አጎት፦ ትችያለሽ፤ ግን ጠቅላላ ዋቱን ብቻ አይተሽ አትግዢ። በዚያ ዘመን ብዙ ቦርዶች ለፕሮሰሰሩ የሚሆነውን ኃይል የሚስቡት ከ5 ቮልቱ መሥመር ነበር። የዛሬዎቹ ኃይላቸውን ያከማቹት በ12 ቮልቱ ላይ ነው፤ 5 ቮልቱ ቀጭን ሆኗል። 600 ዋት የተጻፈበት አዲስ ፓወር ሳፕላይ ለአሮጌ ቦርድ ሊያንሰው ይችላል። ስለዚህ በጎኑ ላይ ካለው ሠንጠረዥ የ5 ቮልቱን አምፔር አንብቢ።

ወጣቷ፦ ፕሮሰሰሩ ዙሪያ ያሉት ካፓሲተሮችስ? አናታቸው ያበጠ ነው የሚበላሸው ሲባል ሰምቻለሁ።

አጎት፦ እውነት ነው። ከ1999 ገደማ ጀምሮ ለዓመታት፣ ውስጣቸው ያለው ፈሳሽ በደንብ ያልተቀመመ ካፓሲተሮች ዓለምን አጥለቅልቀው ነበር፤ ብዙ ማዘርቦርድ የሞተው በእነሱ ነው። አናታቸው ጠፍጣፋ መሆን አለበት። ካበጠ ወይም ቡናማ ፈሳሽ ካወጣ ይቀየራል። ሲቀየርም የውስጥ ተቃውሞው ዝቅተኛ የሆነው ዓይነት ይፈለጋል፤ ማይክሮፋራዱ እኩል ሆኖ የማንኛውም ዓይነት ይሁን አይባልም። ያንቺዎቹ ጠፍጣፋ ናቸው። በይ አሁን ንቀዪ። ሁሉንም።

ወጣቷ፦ ራሙንም?

አጎት፦ ራሙንም፣ ቪዲዮ ካርዱንም። ቦርዱ፣ ፕሮሰሰሩ ከነፋኑ፣ ፓወር ሳፕላዩና ትንሿ ስፒከር ብቻ ይቅሩ። አሁን አብሪው።

ወጣቷ፦ እየጮኸ ነው! ረጅም ድምፅ፣ እየደጋገመ።

አጎት፦ ደስ ይበልሽ። ይህ ጩኸት ዛሬ የምትሰሚው ትልቁ ዜና ነው። ራም በሌለው ቦርድ ላይ ፕሮሰሰሩ ተነሥቶ፣ ቦርዱ ላይ ያለውን የማስነሻ ፕሮግራም፣ ባዮሱን፣ አንብቦ፣ ራም ፈልጎ፣ አጥቶ፣ ማጣቱን ነገረሽ ማለት ነው። ፓወር ሳፕላዩ፣ ፕሮሰሰሩ፣ ባዮሱና አብዛኛው ቦርድ በአንድ ጊዜ ከተጠርጣሪነት ወጡ። ዝም ቢል ኖሮ ጥርጣሬያችን በእነዚያ ላይ ብቻ ይሆን ነበር። ሁሉን ሰክተሽ ስታበሪው ግን ዝምታው ከተሰኩት ሁሉ የየትኛው እንደሆነ ማንም አያውቅም።

ወጣቷ፦ ገባኝ። የሚሠራውን ትንሹን ነገር ማግኘት ነው ዋናው።

አጎት፦ ከዚያ አንድ በአንድ መጨመር። አንድ ራም አስገቢ፤ ቀጥሎ የኤጂፒውን ቪዲዮ ካርድ።

ወጣቷ፦ አንድ አጭር ድምፅ ሰጠ። ሥዕልም መጣ!

አጎት፦ አንዷ አጭር ድምፅ «ሁሉ ደኅና» ማለት ናት። በአዋርድ ባዮስ አንድ ረጅምና ሁለት አጭር ቢሰጥሽ ቪዲዮ ካርዱን አላገኘሁትም ማለቱ ነበር። አሁን የቀሩትን ራሞች በየተራ ሞክሪያቸው፤ በየጊዜው ማጥፋትና ሶኬቱን መንቀል እንዳትረሺ።

ወጣቷ፦ ይኸኛው ሲገባ እንደገና ጭልም አለ።

አጎት፦ አውጪውና ወርቃማውን ጥርሱን በብርሃን እይው። ጠቁሯል። በእርሳስ ላጲስ ቀስ ብለሽ ፈትጊው፣ ፍርፋሪውን አራግፊ፣ ከዚያ በንጹሕ አልኮል ጥረጊው። ስሎቱንም በደረቅ ብሩሽ አጽጂው። ከተፈወሰ መልካም፤ ካልሆነም አትዘኚ፤ ያለው ይበቃል። ዊንዶውስ 98 ራም በበዛ ቁጥር አይደሰትም። ከ512 ሜጋባይት በላይ ሲሆን የዲስክ ማቆያው ከልኩ በላይ ሰፍቶ ለራሱ ለዊንዶውስ የአድራሻ ቦታ ያሳጣዋል፤ ጭራሽ ራም አነሰኝ እያለ ይቆማል። በሲስተም ፋይሉ ውስጥ ገደብ በማስቀመጥ ይታረማል፤ ግን 256 ሜጋባይት ለዚህ ማሽን ጥጋብ ነው።

ወጣቷ፦ አሁን ሁለተኛውን ቪዲዮ ካርድ፣ ቩዱ 2ን ልጨምር። የሞኒተሩን ኬብል እሱ ላይ ሰካሁ… ጋሼ፣ ጭልም አለ። የስሕተት ድምፅ ግን የለም፤ ሃርድ ዲስኩም እየሠራ ነው።

አጎት፦ መጀመሪያ ላይ ያስቸገረሽ አንዱ ይህ ነበር፤ ከራሙ ጋር ተደራርቦ ስለመጣ ነው ያልታየሽ። ቩዱ 2 ሙሉ ቪዲዮ ካርድ አይደለም። የስሪዲኤፍኤክስ ኩባንያ በ1998 ሲያወጣው የሠራው ለሦስት አውታር ሥዕል ብቻ ነው። ተራውን ስክሪን፣ ዶሱንም ዊንዶውሱንም፣ የሚያሳየው ሌላኛው ካርድ ነው። ስለዚህ ከኤጂፒው ካርድ የሚወጣው ሥዕል በአጭር ኬብል ወደ ቩዱው ይገባል፤ ሞኒተሩ ከቩዱው መውጫ ላይ ይሰካል። ጨዋታ ሲጀመር ቩዱው መሥመሩን ለራሱ ይወስዳል፤ ሲያልቅ ይመልሳል።

ወጣቷ፦ ኬብሏ ዕቃው ውስጥ ነበረች፤ ለምን እንደሆነች አላወቅሁም ነበር። አሁን ሰካኋት፤ ሥዕሉ ተመለሰ። ግን ጋሼ፣ የኤጂፒው ካርድ ራሱ ሦስት አውታር ይሠራል። ቩዱው ለምን ያስፈልገኛል?

አጎት፦ በግላይድ ለተጻፉት ጨዋታዎች። ግላይድ የስሪዲኤፍኤክስ የራሱ ቋንቋ ነበር፤ ጨዋታው ካርዱን በቀጥታ የሚያዝበት። በ1996 እና በ1999 መካከል ብዙ ጨዋታዎች ከሁሉ አምረው የሚታዩት በእሱ ነበር። ኩባንያው ግን ወደቀ፤ ንብረቱን ኤንቪዲያ ለመግዛት የተስማማው በዲሴምበር 2000 ነው። ባለቤቱ ሲሄድ ቋንቋው ተናጋሪ አጣ። ይህ ካርድ ያንን ቋንቋ በአፍ መፍቻነት የሚናገር ነው።

ወጣቷ፦ ወደ ድምፁ እንለፍ። ሳውንድ ብላስተር 16 አይሳ ስሎት ላይ ገብቷል። ዱምን ስጀምረው የመጀመሪያውን የጥይት ድምፅ ያሰማና እሱኑ እየደጋገመ ይቆማል።

አጎት፦ የዚህ በሽታ ስም አይአርኪው ነው። ሳውንድ ካርዱ የተሰጠውን ድምፅ አሰምቶ ሲጨርስ ፕሮሰሰሩን «ቀጣዩን ስጠኝ» ብሎ ይጠራል። የሚጠራው በተመደበለት የጥሪ መሥመር ነው። ጥሪው ካልደረሰ ካርዱ በእጁ ያለችውን ቁራጭ እየደጋገመ ያሰማል። ሁለት በር ባለው ግቢ ሁለቱም ደወል አንድ ዓይነት ድምፅ ቢኖረው ዘበኛው የትኛውን በር ይክፈት? ያንቺም ፕሮሰሰር እንዲሁ ሆኗል። ከሳውንድ ካርዱ ሌላ ማን አለ ያልነቀልሽው?

ወጣቷ፦ የኔትወርክ ካርዱን መልሼ ሰክቼው ነበር። ባዮሱ ሲነሣ በሚያሳየው ሠንጠረዥ ላይ… አዎ፣ መሥመር 5 ተሰጥቶታል።

አጎት፦ ሳውንድ ብላስተሩም 5 ላይ ነው። የኔትወርክ ካርዱን ለጊዜው ንቀዪው፤ ወደ ባዮሱ ግቢና መሥመር 5ን ለአሮጌ የአይሳ ካርድ ብቻ ከልዪው። ከዚያ አውቶኤክዜክ በሚባለው ፋይል ውስጥ የብላስተርን መሥመር ጻፊ፦ ኤ220፣ አይ5፣ ዲ1፣ ኤች5፣ ቲ6። የመጀመሪያው የካርዱ አድራሻ ነው፤ ሁለተኛው የጥሪው መሥመር፤ ቀጣዮቹ ሁለቱ ፕሮሰሰሩን ሳያደክሙ ድምፁን ከራም የሚያመላልሱ መንገዶች፤ የመጨረሻው የካርዱ ዓይነት። መሥመር 7ን የሚመርጡም አሉ፤ ግን በልማድ የፕሪንተሩ ነው።

ወጣቷ፦ ይሠራል! ሙዚቃውም መጣ። ይህን ሙዚቃ በሌላ ኮምፒውተር ሰምቼው አውቃለሁ፤ እንዲህ አልነበረም።

አጎት፦ ሙዚቃው የተቀዳ ስላልሆነ ነው። ጨዋታው ኖታውን ብቻ ይልካል፤ ድምፁን እዚያው የሚፈጥረው ካርዱ ላይ ያለው የያማሃ ቺፕ ነው። በ1987 አድሊብ ካርድ ላይ የወጣው የዚያ ቺፕ ታላቅ ወንድም ነው ዘመኑን የከፈተው። 

ወጣቷ፦ የዶሱ ማስታወሻ ግን አስቸግሮኛል። 256 ሜጋባይት ራም እያለ ጨዋታው «በቂ ማስታወሻ የለም» ይለኛል።

አጎት፦ እሱ የሚጠይቅሽ ሌላ ቦታ ነው። የመጀመሪያው አይቢኤም ፒሲ ፕሮሰሰር ከ1 ሜጋባይት በላይ ማየት አይችልም ነበር። ከዚያ ላይ የላይኛው 384 ኪሎባይት ለስክሪንና ለባዮስ ተከለለ፤ ለፕሮግራም 640 ቀረ። ድንበሩ ከዚያ በኋላ ለመጡት ሁሉ ተረፈ። የማውሱ ድራይቨር፣ የሲዲው ድራይቨር፣ ዶስ ራሱ እዚያ ይሰፍራሉ። ሜም የሚለውን ትዕዛዝ ከሲ ምርጫው ጋር ስጪው፤ ማን ስንት እንደያዘ ይዘረዝርልሻል።

ወጣቷ፦ የማስታወሻ አስተዳዳሪዎቹን ሃይሜምንና ኢኤምኤም386ን ጭኜ ድራይቨሮቹን ወደ ላይኛው ክፍል ላዛውራቸዋ?

አጎት፦ ለብዙዎቹ ጨዋታ አዎን። ግን የ1992ቱ አልቲማ 7 ኢኤምኤም386 ባለበት አይነሣም፤ ማስታወሻውን ራሱ በራሱ መንገድ ስለሚያዝ ነው። ስለዚህ ሲበራ የሚመጣ ምርጫ አዘጋጂ፤ አንዱ ከእሱ ጋር፣ አንዱ ያለ እሱ። ችግር ሲገጥምሽ ደግሞ ማሽኑ ሲነሣ ኤፍ8ን ተጫኚና መሥመር በመሥመር እያረጋገጠ እንዲጭን እዘዢው። ይህን ልጫን ወይ እያለ ይጠይቅሻል። ድራይቨሮቹንም ልክ እንደ ካርዶቹ አንድ በአንድ መንቀልና መሰካት ትችያለሽ።

ወጣቷ፦ አንድ ጨዋታ ደግሞ ገና ሳይጀምር «ስሕተት 200» ብሎ ይወጣል። ይህን ግን እኔ ደርሼበታለሁ። ጨዋታው የተጻፈው በቱርቦ ፓስካል ነው። ፕሮግራሙ ሲነሣ 55 ሚሊሰከንድ በምትቆየው የሰዓት ምት ውስጥ ፕሮሰሰሩ ስንት ዙር እንደሚቆጥር ይለካል፤ ከዚያ ቆጠራውን ለ55 ያካፍላል። ፈጣን ፕሮሰሰር ቆጠራውን እጅግ ስለሚያበዛው ውጤቱ በተመደበለት 16 ቢት ውስጥ አይገባም። ፕሮሰሰሩም ይህንን ለዜሮ እንደማካፈል ቆጥሮ ያቆመዋል።

አጎት፦ አየሽ፣ ይህንን እኔ እንዲህ ዘርዝሬ አላስረዳም ነበር። በእኛ ጊዜ መድኃኒቱን ብቻ ነበር የምናውቀው።

ወጣቷ፦ ባዮሱ ውስጥ የፕሮሰሰሩን ውስጣዊ ማቆያ፣ ካሹን፣ ስዘጋው ፍጥነቱ ወደ 386 ዘመን ይጠጋል፤ ጨዋታው ያኔ ይነሣል። ግን ጋሼ፣ አሁን በልቤ ያለውን ልናገር። ዶስቦክስ የሚባል ፕሮግራም ከ2002 ጀምሮ አለ። ይህን ሁሉ፣ ሳውንድ ካርዱንም ፍጥነቱንም፣ በሶፍትዌር ያስመስላል። ኢንተርኔት አርካይቭም በ2015 ብዙ የዶስ ጨዋታዎችን በብራውዘር ውስጥ እንዲነሡ አድርጓል። ይህ ሁሉ ድካም ምን ያደርጋል?

አጎት፦ ጨዋታውን ብቻ የሚፈልግ ሰው ዶስቦክስን ይጫን፤ እኔም የምመክረው እሱን ነው። አሮጌ ዕቃ ውድ ነው፣ ቦታ ይይዛል፣ መብራት ይበላል። መብራት ድንገት ሲጠፋም ዊንዶውስ 98 የጀመረውን ጽሑፍ የሚመልስበት መዝገብ ስለሌለው ፋይል ሊጎዳ ይችላል። ግን የሚያስመስለው ሁልጊዜ አንድ የሚመሰል ይፈልጋል። እንዲህ ያለውን አስመሳይ ፕሮግራም፣ ኢሙሌተር፣ የሚጽፉት ሰዎች ሥራቸው ትክክል መሆኑን የሚያረጋግጡት ከእውነተኛው ካርድ ጋር እያነጻጸሩ ነው። እውነተኛው ከጠፋ ግልባጩ ልክ ይሁን አይሁን የሚፈርድ አይኖርም።

ወጣቷ፦ ስክሪኑም እንደዚያው ነው ማለት ነው? አሮጌውን የመስተዋት ሞኒተር ያቆዩልኝ ለዚህ ነበር?

አጎት፦ አዎን። ዱም 320 በ200 ነጥብ ነው፤ በሰከንድ 70 ጊዜ ይታደሳል። ስፋቱ ለቁመቱ 4 ለ3 በሆነ ስክሪን ላይ እንዲታይ ስለታሰበ እያንዳንዷ ነጥብ ከወርዷ ቁመቷ ይበልጣል። ሰፊ ስክሪን ሲለጥጠው ሰዎቹ ያጥራሉ፣ ይወፍራሉ። 60 ጊዜ ብቻ የሚታደስ ስክሪን ደግሞ እንቅስቃሴውን ያንገራግጨዋል። ግን አንድ ነገር እወቂ፤ የዚህን ሞኒተር ጀርባ እንዳትከፍቺ። ውስጡ ከ20 ሺህ ቮልት በላይ አለ፤ ከተነቀለ በኋላም ይይዛል።

ወጣቷ፦ እሺ። እኔ ግን ሌላም ምክንያት አገኘሁ። በሥራዬ ስሕተት ሲገጥመኝ የማደርገው መጨመር ነው፤ አንድ ማስተካከያ በሌላው ላይ። ከሥር ያለው ንብርብር ብዙ ስለሆነ እስከ መጨረሻው መውረድ አይታሰብም። እዚህ ግን እስከ ሽቦው ወረድን። ጭልም ያለው ስክሪን ሁለት ምክንያት ነበረው፤ ሁለቱንም በዐይኔ አየኋቸው።

አጎት፦ ይህን ማሽን የምወደው ለዚህ ነው። የሚደበቅ ነገር የለውም። ማንኛውም ብልሽት ሰው ሊደርስበት የሚችል ምክንያት አለው፤ ታግሦ ለሚቀንስ ሰው ይገለጣል። ይህን አንዴ ያየ ሰው የዛሬው ማሽን ፊት ሲቆምም «እንዲሁ ነው የሚሆነው» ብሎ አይተውም። ምክንያቱን ይፈልጋል።

ወጣቷ፦ የቀረኝ ሃርድ ዲስኩ ነው። ያለው አሮጌ ነው፣ ይንኳኳል።

አጎት፦ የሚንኳኳ ዲስክ ላይ ምንም አትጻፊ። መጀመሪያ ያለውን ሁሉ ገልብጪ፤ ፍሎፒዎቹንም እንዲሁ፣ ከመጫወትሽ በፊት። ከዚያ በቦታው የኮምፓክት ፍላሽ ካርድ በትንሽ ማገናኛ ስኪ። ካርዱ የድሮውን የሃርድ ዲስክ ቋንቋ በተፈጥሮው ስለሚያውቅ ማሽኑ ልዩነቱን አያይም። አንዱን ለዶስ፣ አንዱን ለዊንዶውስ ማዘጋጀትም ትችያለሽ።

ወጣቷ፦ የኔትወርክ ካርዱንስ አሁን ልመልሰው?

አጎት፦ መልሺው፤ ግን መጀመሪያ ወረቀት አምጪ። ሳውንድ ካርዱ በየትኛው ስሎት እንዳለ፣ የጥሪው መሥመር 5 እንደተከለለለት፣ የትኛው ራም እንደጸዳ፣ የትኛው ድራይቨር ከየት እንደመጣ ጻፊና በኬዙ ውስጠኛ ግድግዳ ላይ ለጥፊው። ካንቺ በኋላ የሚከፍተው ሰው ከዜሮ አይጀምር። ከዚያ ካርዱን ስኪው፣ አብሪው፣ ሠንጠረዡን አንብቢ። መሥመር 5 ነጻ ከሆነ ወደ ቀጣዩ እለፊ።